አባታችን ከ19 ዓመት በኋላ ሽማግሌ ላከ፤ እናቴን ልጫናት ወይስ ልተዋት?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረጅም ነው፤ ታገሡኝ። አባታችን የዛሬ 19 ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ መተማ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ቆይቶ ሌላ ትዳር መያዙን ሰማን። እኔ 10 ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ 6። እናቴ ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ሸጣ አሳደገችን። አሁን ስኳር እግሩን ጎድቶት፣ ያኛው ትዳርም ፈርሶበት ጎንደር ተመልሷል፤ ዘመድ ቤት ተጠግቷል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። የላከው ግን ወደ እናቴ አይደለም፤ ወደ እኔ ነው። «አንቺ ለምኚልን» ነው የሚሉኝ።

እናቴ ወር በገባ በ7 ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳትሳለም አትውልም። ስለ እርሱ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ትቶት የሄደው ጋቢ ግን አለ። በየዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ ከሣጥን አውጥታ ታጥበዋለች፣ አጥር ላይ ታሰጣዋለች፣ አጥፋ ትመልሰዋለች። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። የሽማግሌዎቹን ነገር ስነግራት «ይቅር ካልሁት ቆየሁ፤ ፊቱን ግን አታሳዩኝ» አለች። ባጃጅ የሚነዳው ወንድሜ ደግሞ የአባቴ ስም ሲነሣ ተነሥቶ ይወጣል። በየቀኑ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ብለን የምንጸልይ ሰዎች ነን። ምን ላድርግ?

ወንድም ከአራዳ፦
እህቴ፣ «ይቅር ብያለሁ፣ ፊቱን አታሳዩኝ» ይቅርታ አይባልም። ጌታ ለጴጥሮስ ሰባ ጊዜ ሰባት ያለው ለዚህ ነው። ሰውየው ታሟል፤ ከሞተ በኋላ ጸጸቱ ለእናንተ ይተርፋል። ቶሎ አስታርቂያቸው።

እናት ከማራኪ፦
የአራዳው ልጄ፣ አትቸኩል። 19 ዓመት እንጀራ የጋገረ ክንድ የእርሷ ነው። የአዘዞዋ ልጄ፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እጁ ይነሣ ነበር? ይነሣ ከነበረ ነገሩ ሌላ ነው፤ ማንም ደጇን አያንኳኳ። ካልነበረ ደግሞ ስሚኝ። በአገራችን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣ ነበር እንጂ ልጁን አሸክሞ አይልክም። ከነሕመሙም ቢሆን አፉ ደኅና ነው፤ ራሱ ይናገር። ደግሞም ይቅር ማለት ሌላ፣ አንድ ጣሪያ ሥር መግባት ሌላ። ይህን ለእናትሽ የንስሐ አባቷ ይንገሯት፤ ከልጅ አፍ ሲወጣ ያስከፋል።

የአዘዞ ልጅ፦
እማማ፣ እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ዝም ብሎ ነው የሄደው።

ዲያቆን ከቀሃ፦
እናታችን ያሉት ከወንጌሉ ጋር ይገጥማል። ማቴዎስ 5፥23-24 ላይ መባህን ትተህ ሂድ፣ ታረቅ የተባለው ለማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅር የተሰኘበት ሰው ነው። መንገዱን የሚጀምረው አባትሽ ነው። ዮሴፍንም አስቢው። በ17 ዓመቱ ተሸጠ፤ ከወንድሞቹ ጋር ሲታረቅ 39 ገደማ ነበር። እህል ሊሸምቱ መጀመሪያ በመጡ ጊዜ ማንነቱን አልገለጠላቸውም። ፈቀቅ ብሎ አለቀሰ፣ ፊቱን መለሰ፣ ልባቸው መለወጡን እስኪያይ ቆየ። ያን ሁሉ ጊዜ ቂመኛ ነበር የሚለው የለም። እናትሽም ገና በመንገዱ መካከል ትሆናለች።

የአዘዞ ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ለጠየቃችሁኝ ሁሉ። ሽማግሌዎቹን «ራሱ ይናገራት» አልኋቸው። እናቴም የንስሐ አባቷን አማክራ «ቅዳሜ ይምጣ፤ ቡና ጠጥቶ ይሂድ፤ ማደር የለም» አለች። ወንድሜ አልገኝም ብሎ ጠዋት ወጣ፤ ባጃጁን ግን በጓደኛው እጅ ልኮ አባቴን አስመጣው፤ ሒሳብም አላስከፈለውም።

አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ «በድዬሻለሁ» አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። እናቴ ስኒውን ሳትሞላው «ስኳር አይገባም አይደል?» ብላ ጠየቀችው። እስከ በረካ ብዙም አልተነጋገሩም። ሲወጣ ምሽቱ በርዶ ነበር፤ የለበሰው ስስ ኮት ነው። ጋቢውን አላወጣችም። እኔም አላስታወስኋትም። በር ላይ ግን «ለፋሲካ እንዴት ነህ?» ስትለው ሰማሁ።