የአባቴ አኦርታ አብጧል፦ በብሽሽት በኩል ይጠገን ወይስ ሆዳቸው ተከፍቶ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ74 ዓመት አባቴ አብረውኝ ሜሪላንድ ይኖራሉ። ለሌላ ሕመም አልትራሳውንድ ሲነሡ፣ አኦርታ የሚባለው ትልቁ የደም ቧንቧ ሆዳቸው ውስጥ አብጦ 5.7 ሴንቲሜትር መድረሱ ታወቀ። ሐኪሙ በብሽሽታቸው በኩል ስቴንት ግራፍት እንዲገባላቸው መክሯል፤ እሳቸው ግን «ሳያመኝ ለምን እነካለሁ?» ይላሉ። ለረጅም ዘመን ሲጋራ አጭሰዋል፤ ለስኳር ሜትፎርሚን ይወስዳሉ፤ ኩላሊታቸውም ደክሟል። ጥገናው አንዴ ተሠርቶ ያልቃል?

መልስ፣ ከአንዲት የቀዶ ሕክምና ነርስ

እህቴ፣ ይህ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ እስኪፈነዳ ድረስ ምልክት ስለማያሳይ፣ አለማመማቸው ማስረጃ አይሆንም። ጤናማ አኦርታ በዚያ ቦታ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ወንዶች ላይ 5.5 ሲደርስ ጥገና ይታሰባል። ስቴንት ግራፍት በብረት መረብ የተደገፈ የጨርቅ ቱቦ ሲሆን፣ ታጥፎ በብሽሽት ደም ቧንቧ ይገባና በራጅ እየታየ ከኩላሊት ደም ቧንቧዎች ዝቅ ብሎ ይዘረጋል። ቅርጹ እንደ ሱሪ ነው፤ ሁለቱ እግሮቹ ወደ ዳሌ ይወርዳሉ፤ ደሙም በውስጡ ሲያልፍ ያበጠው ግድግዳ ከግፊት ያርፋል። ነገር ግን ቱቦው የሚቆናጠጥበት ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር የሚደርስ ያላበጠ «አንገት» ከሌለ የተለመደው ዓይነት አይያዝም፤ ስለዚህ ሐኪሙን ከሁሉ በፊት የአንገቱን ርዝመት ይጠይቁት። እስከዚያው ድንገተኛ ብርቱ የሆድ ወይም የጀርባ ሕመም ከተሰማቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ 911 ይደውሉ እንጂ በራስዎ መኪና አይውሰዷቸው።

መልስ፣ አባቱ ይህንኑ ሕክምና ያደረጉለት አባል

የእኔ አባት በሁለተኛው ቀን ቤት ገቡ፤ ብሽሽታቸው ግን እስከ ጭናቸው ድረስ ጠቁሮ ስላየነው ደንግጠን ነበር፤ በኋላ ለቀቀ። «ያልቃል ወይ» ላሉት፣ አያልቅም። በእንግሊዝ አገር በተደረገው ኢቫር 1 በተባለው ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሞቱት በዚህ መንገድ ከታከሙት 1.7 በመቶ፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት ደግሞ 4.7 በመቶ ነበሩ፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን ይህ ብልጫ ጠፍቷል። ምክንያቱም ደም በቱቦው ዳርና ዳር ወይም በትንንሽ ቅርንጫፎች በኩል ተመልሶ ወደ እብጠቱ ሊሰርግ ይችላል፤ ይህን ኢንዶሊክ ይሉታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር፣ ከዚያም ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ምርመራ አለ። አባትዎ ወደ አገር ቤት ተመልሰው ሊኖሩ የሚያስቡ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ይህን ከመወሰኔ በፊት ለሐኪሙ እነግር ነበር።

መልስ፣ ከአንድ ፋርማሲስት

በሲቲ ስካንም ሆነ በጥገናው ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት (ደም ቧንቧዎች በምስሉ ላይ ጎልተው እንዲታዩ የሚያደርግ ፈሳሽ) የደከመ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየው የክሬያቲኒን የደም ምርመራ የቅርብ ጊዜ ውጤታቸው በእጅ ይኑር። ሜትፎርሚን መቼ እንደሚቆምና እንደሚጀመር ያዘዘው ሐኪም ይወስን። አባትዎ የሚጾሙ ከሆነም ይንገሩት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ውለው ለኮንትራስት መቅረብ ለኩላሊታቸው አይበጅም።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ እኔው ላስተርጉምላቸው?

መልስ፣ ከነርሷ

አብረው ይግቡ፣ ማስተርጎሙን ግን ለባለሙያ ይተዉ። በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ ቀጠሮውን ሲያረጋግጡ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብለው ያስመዝግቡ።