ከሚሌ እስከ ጉጉፍቱ ስንወጣ የምናየው የዓለም ባዮሞች ቅደም ተከተል ነውን?

ጠያቂ፦ የጦሳ ጎረቤት (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በጂኦግራፊ ትምህርቷ ስለ ባዮሞች፣ ማለትም በአየር ንብረታቸው፣ በእፅዋታቸውና በእንስሳታቸው ስለሚለዩት ታላላቅ የየብስ ቀጠናዎች እየተማረች ነው። የቤት ሥራዋ የምትኖርበት አካባቢ በየትኛው ባዮም እንደሚመደብ እንድታስረዳ የሚጠይቅ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ ከሚሌ ወደ ደሴ አብረን ስንመለስ ሚሌ ላይ በሸሚዝ ብቻ ሆነን ላብ ሲያጠምቀን ቆይቶ፣ ባቲን አልፈን ኮምቦልቻ ስንደርስ ነፋሱ ለሰውነት የሚስማማ ሆነ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንጨርስ ግን የሚኒባሱ መስኮት ሁሉ ተዘግቶ እኔም ጋቢዬን ለበስኩ። ከሳምንት በኋላ ለለቅሶ ወደ ጉጉፍቱ ስንሄድ ደግሞ ሣሩ ንጋት ላይ በአመዳይ ነጭ ሆኖ አገኘነው። ልጄ ከዚህ ተነሥታ ሚሌ በረሃ፣ ባቲ ሳቫና (ዛፍ ጣል ጣል ያለበት የሣር ምድር)፣ ደሴ እንደ አውሮፓ ያለ ደን፣ ጉጉፍቱ ቱንድራ (በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ያለ ዛፍ አልባ ብርዳማ ምድር) ነው ብላ ጻፈች፤ በአንድ ቀን ተኩል መንገድ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ዋልታ የተጓዝን ያህል ነው ትላለች። እኔ የማውቀው በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የሚለውን የአገራችንን አከፋፈል ብቻ ስለሆነ ልክ ነሽም ተሳስተሻልም ለማለት አልደፈርኩም።

መልስ 1፦ ጠመኔ (ኮምቦልቻ)

ልጅዎ የደረሰችበት ሐሳብ ቀላል አይደለም። ጀርመናዊው ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት እ.ኤ.አ. በ1802 የኢኳዶርን ቺምቦራሶ ተራራ ሲወጣ እፅዋቱ ከግርጌ ወደ ላይ በንብርብር እንደሚለዋወጡ፣ ቅደም ተከተሉም ከምድር ወገብ ወደ ዋልታ ሲኬድ ከሚታየው ጋር እንደሚመሳሰል አስተውሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሚሌ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆኑ በመካከላቸው የ13 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይጠበቃል። ጋቢዎን ያስለበሰዎት ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ብርድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በቱንድራ የዓመቱ ሞቃታማ ወር እንኳ አማካይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ አያልፍም፤ የውስጡ አፈር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ ስለሚኖር ዛፍ ሥሩን አጥልቆ ሊሰድበት አይችልም፤ እፅዋቱም የሚያድጉት ፀሐይ በማትጠልቅባቸው ጥቂት የበጋ ሳምንታት ብቻ ነው። ከቱንድራ በስተደቡብ ያለው ታይጋ የጥድ ዘመድ የሆኑ መርፌ ቅጠል ዛፎች የሞሉበት ሰፊ ደን ሲሆን፣ በዚያ ቀጠና የምትገኘው የሳይቤሪያ ከተማ ቬርኮያንስክ እ.ኤ.አ. በ1892 ከዜሮ በታች 67.8 ዲግሪ፣ በ2020 ሰኔ ወር ደግሞ ከዜሮ በላይ 38 ዲግሪ ተመዝግቦባታል። ይህ ባቲ ላይ እንኳ የሚያማርር ሙቀት ነው!

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ደሴ በ11 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ የወራቱ አማካይ ሙቀትም ተቀራራቢ ነው። ጉጉፍቱ ላይ ያያችሁት አመዳይ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ የት ሄደ? ቀልጦ ጠፍቷል፤ ከሰዓት በኋላም ፀሐዩ ፊት ሳይለበልባችሁ አልቀረም። በእኛ ውርጭ አገር በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በበጋና በክረምት መካከል ካለው ይበልጣል። ስለዚህ የሚመሳሰለው የሙቀቱ አማካይ እንጂ ሙቀቱ የሚፈራረቅበት ሥርዓት አይደለም፤ ለተክል ደግሞ ወሳኙ ሥርዓቱ ነው።

መልስ 2፦ የደንቆሮ ጫካ ሰው (ደሴ)

ጠመኔ የጻፉትን በተክል ላሳይ። በቦረና ሳይንት፣ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በደንቆሮ ጫካ አካባቢ፣ አስታ ከሚባለው ቁጥቋጦ በላይ ጅባራ የተባለው የውርጭ አገር ተክል ይገኛል። በቱንድራ ያሉት እፅዋት ድንክ ሆነው መሬት ላይ ተለጥፈው ረጅሙን ክረምት ከበረዶ ሥር ሲያሳልፉ፣ ጅባራ ግን ቁመቱን አይሰስትም፤ ለብዙ ዓመታት እያደገ ቆይቶ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል፣ አንድ ጊዜ ካበበ በኋላም ይደርቃል። በየሌሊቱ የሚመጣውን ብርድ የሚቋቋመው ጥቅጥቅ ብለው በተደረደሩት ቅጠሎቹ ነው፤ እነርሱ የመካከሉን ለጋ ቡቃያ እንደ ጋቢ ይሸፍኑታል። የሚያሸንፈው ለወራት የሚዘልቅ ክረምት ሳይሆን አንድ ሌሊት ነው፤ ነገ ጧት ፀሐይ ትወጣለታለች።

በእንስሳቱም እንዲሁ ነው። የሰሜን ዋልታ ቀበሮ ሌሚንግ የተባለችውን አይጥ እንደሚያድን ሁሉ የእኛው ቀይ ቀበሮም ፍልፈልና አይጥ እያደነ ይኖራል፤ ነገር ግን የሥራ ተመሳሳይነት እንጂ የቅርብ ዝምድና የላቸውም፤ ቀይ ቀበሮ ለተኩላ ይቀርባል። አድጎ የደረሰውን ብቻ ብንቆጥር ቁጥሩ 500 የማይሞላ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭም የትም የሌለ እንስሳ ነው። ሣር እየነጨ የሚኖረው ጭላዳም የእኛ ብቻ ነው።

ደሴን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ልጅዎ ዙሪያውን አይታ ደን ያለችው ባሕር ዛፍን ከሆነ፣ እርሱ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ተተክሎ የበቀለ ዛፍ ስለሆነ ስለ ባዮማችን የሚመሰክረው ነገር የለም። ምስክሮቹ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢና ከኮምቦልቻ በላይ በየጎፍ ደን የቀሩት ጥድና ወይራ ናቸው። እነዚህ ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸውን አያራግፉም፤ የአውሮፓ ደን ዛፎች ግን ብዙዎቹ ክረምት ሲመጣ ብርዱን ለማሳለፍ ያራግፋሉ። በእኛ አገር ቅጠል የሚያራግፉትን ዛፎች በብዛት የምናገኘው ቆላ ወርደን ነው፤ እዚያ የሚያራግፉት ደግሞ ለብርድ ሳይሆን ለድርቅ ነው።

መልስ 3፦ መንገደኛ (ባቲ)

ሁለታችሁም ስለ ብርድ ስትጽፉ ውኃን ረሳችሁት። ከሚሌ ወደ ባቲ ሲወጣ ዋናው ለውጥ የሙቀቱ አይደለም፤ ከታች በተራራቁ ቁጥቋጦዎች መካከል ራቁቱን የቀረ ምድር፣ ከፍ ሲል ግራሩና ሣሩ እየተደባለቀ የሚሄድ ምድር የሚሆነው በዝናቡ መጠን ነው። በረሃን በረሃ የሚያሰኘው በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ዝናብ እንጂ ሙቀት አይደለም፤ የሞንጎሊያው ጎቢ በክረምት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ እየቀዘቀዘ በረሃ ነው። ሳቫናም ቢሆን ዝናብና ድርቅ የሚፈራረቁበት፣ እሳትና ግጦሽ ዛፉ ተደፍኖ ደን እንዳይሆን የሚከለክሉበት ምድር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሙቀት ከብዙ ዝናብ ጋር የሚገናኝበት የአማዞንና የኮንጎ ዓይነት የቆላ ጥቅጥቅ ደን በዚህ መንገድ ላይ ፈጽሞ የለም። መንገዱ በእርግጥ ከምድር ወገብ ወደ ዋልታ የሚወስድ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምናገኘው እርሱን ነበር።

የጦሳ ጎረቤት (ደሴ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም አነበብኩላት፤ ስለ አማዞን የተጻፈው አሳምኗታል። ስለ አመዳዩ ግን የተሟገተችው እኔን ነው፤ «ሦስት ሰዓት ላይ ቀልጦ ነበር፤ አንተ ድንኳን ውስጥ ስለነበርክ ነው ያላየኸው» አለችኝ። አሁን የቀረባት ጥያቄ ቱንድራም የአውሮፓ ደንም ካልሆነ ታዲያ ምን ብላ ትጻፍ የሚለው ነው፤ በመጽሐፏ ከተዘረዘሩት አንዱም አይገጥምላትም።

ጠመኔ (ኮምቦልቻ)

የመንገደኛን እርማት ተቀብያለሁ። መጽሐፏ ላይ ያጣችው ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመውና ብዙ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት አከፋፈል 14 ባዮሞች አሉት፤ ከእነዚህም አንዱ የተራራ ሣር ምድርና ቁጥቋጦ የሚባለው ነው። የኢትዮጵያ ደጋ፣ የአንዲስ ተራሮች ከፍታና የቲቤት አምባ እዚያ ተመድበዋል። ለጉጉፍቱ ይህንኑ ትጻፍ፤ ለደሴ የሐሩር ክልል ደጋማ ደን ብላ፣ ደኑ አብዛኛው ተመንጥሮ እርሻና ባሕር ዛፍ እንደ ሆነ ትጨምርበት። የአመዳዩንም ሰዓት አትተወው፤ በዓይኗ ያየችው እርሱን ነውና።