ሩት ላይ ባሽ ያደረገ «ሰርቨር አይሰጠው»?

የሌሊት ተረኛ፦ ትናንት አንድ ጀማሪ ፍሪቢኤስዲ (ሊኑክስን የሚመስል ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ላይ የሩትን (የዋናውን አስተዳዳሪ አካውንት) ሼል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚቀበለውን ፕሮግራም፣ ወደ ባሽ እንዴት እንደሚቀይር ጠየቀ። የተሰጠው መልስ «ሩት ላይ ባሽ ያደረገ ሰው ሰርቨር አይሰጠው» የሚል ነው። ምን ዓይነት መልስ ነው ይሄ? ዴቢያን ሊኑክስ ላይ እኮ የሩት ሼል ከጅምሩ ባሽ ነው። የስንቱን ሰርቨር ልንቀማ ነው?

ጥቁር ስክሪን፦ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ። ዴቢያንን ምን አመጣው? እዚያ ባሽ የሲስተሙ አካል ነው። ፍሪቢኤስዲ ላይ ግን በፓኬጅ (ለብቻው ተጭኖ) ነው የሚመጣው፣ ተጨማሪ ፕሮግራሞች በሚገቡበት ዩኤስአር ሎካል ስር ነው የሚቀመጠው። አፕግሬድ መሀል ባሽ የሚጠቀምበት አንድ ላይብረሪ (የጋራ ኮድ ፋይል) ተበላሽቶ ባሽ አልነሳም ካለ በሩት መግባት ቀረ። ሩት የሚያስፈልግህ ደግሞ ልክ ያን ቀን ነው።

ሲስአድሚኗ፦ ማስፈራራት ስትወድ! ሲንግል ዩዘር ሞድ (ማሽኑ ለጥገና የሚነሳበት ሁኔታ) ስትገባ የትኛውን ሼል እንደምትፈልግ ራሱ ይጠይቅሃል፣ ኢንተር ካልክ ኤስኤች የሚባለውን የሲስተሙን ሼል ይከፍትልሃል። «አይሰጠው» ደግሞ ምንድን ነው? አዳዩ አንተ ነህ?

ጥቁር ስክሪን፦ ለሲንግል ዩዘር ኮንሶል (የማሽኑ የራሱ ስክሪንና ኪቦርድ) ያስፈልግሻል። ማሽኑ ሌላ ከተማ ከሆነስ?

ሲስአድሚኗ፦ ኮንሶሉን በርቀት ሳያገኝ ማሽን ሌላ ከተማ ያስቀመጠ ሰው ችግሩ ሼል አይደለም 😂

የሌሊት ተረኛ፦ የፍሪቢኤስዲ ሰዎች ራሳቸውስ የሩትን ሼል ቀይረውት የለ? ስንት ዘመን ሲ ሼል የነበረውን በ2023 ስሪት 14 ላይ ኤስኤች አደረጉት። የማይነካ ታቦት አታድርጉት።

ጥቁር ስክሪን፦ ኤስኤች አደረጉት እንጂ ባሽ አደረጉት? ሲ ሼልም ኤስኤችም ከሲስተሙ ጋር የሚመጡ ናቸው። ባሽ ካማረህ በኤስኤች ግባና ባሽ ብለህ ጻፍ፣ በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ነው።

ገለልተኛ፦ ኧረ ቱር የሚባለው አካውንት ለዚሁ እኮ ነው የተቀመጠው። ዩአይዲው (የተጠቃሚ ቁጥሩ) እንደ ሩት ዜሮ ነው። ፓስወርድ ስጡት፣ ሼሉን እንዳሻችሁ ቀይሩ፣ ሩትን ተዉት።

ሲስአድሚኗ፦ ሁለት ዩአይዲ ዜሮ ለምን እንዳለ ለኦዲተር አንተ ታስረዳልኛለህ።

አዲስ ገቢ፦ በዚህ ዘመን በሩት ሎግኢን የሚያደርግ አለ እንዴ? ሱዶ (በራስ አካውንት ሆኖ በሩት ሥልጣን ትእዛዝ ማስኬጃ) ተጠቀሙና ተገላገሉ።

ጥቁር ስክሪን፦ ሱዶም ፍሪቢኤስዲ ላይ ፓኬጅ ነው ወንድሜ።

አዲስ ገቢ፦ ያንኑ የሚሠራ ዱአስ አለላችሁ።

ጥቁር ስክሪን፦ እሱም ፓኬጅ ነው።