ከሰርቨር ክፍል ወደ አመራር እንዴት ልሻገር?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አይቲ ላይ ስሠራ 7 ዓመት ሆነኝ። ሕልሜ የቴክኖሎጂ ዘርፍ ኃላፊ መሆን ነው። ባለፈው ወር መብራት ሄዶ፣ መጠባበቂያ ባትሪውም (ዩፒኤሱ) አልያዝ ብሎ የስቶክ ዳታ ሲጠፋ ሥራ አስኪያጁ «ስንት ብር ከሰርን?» አለኝ፤ እኔ ስለ ሃርድ ዲስኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ፊቱን ሳይ ነው የገባኝ። ለካ የጎደለኝ የገንዘብ ቋንቋ ነው።

አሁን ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ልማር ወይስ ፒኤምፒ (የፕሮጀክት አመራር የሙያ ማረጋገጫ) ልፈተን? ፒኤምፒው ዲግሪ ላለው ሰው ፕሮጀክት የመምራት የ3 ዓመት ልምድ ይጠይቃል፣ የእኔ ሥራ ደግሞ አብዛኛው ጥገና ነው። ደሴ ወጥቼ ማታ እንዳልማር መንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት በጭጋግ መመላለሱ ያስፈራል። የግድ አዲስ አበባ መግባት አለብኝ? እዚሁ ሆኖ ያደገ ካለ፣ የመጀመሪያ በጀቱን እንዴት እንዳስፈቀደ ይንገረኝ።