ውሉ፣ ጦርነቱና ተፈናቃዩ አልገጣጠም አሉኝ

የጊቤ ልጅ (ጅማ)

ሰላም ለቤቱ። የማስተርስ ጥናቴ የውጭ አጋር ያለው መንግሥት የሚዋጋው ጦርነት የበለጠ ሰው ያፈናቅላል ወይ የሚል ነው፤ አፍሪካ ቀንድ፣ ከ1975 እስከ 2021 እ.ኤ.አ.። ውሎችን ከኤቶፕ (ATOP፣ የአገሮች የአጋርነት ውሎች መዝገብ)፣ ግጭቱን ከዩሲዲፒ (UCDP፣ የኡፕሳላ የግጭት ዳታ)፣ መፈናቀሉን ከአይዲኤምሲ (IDMC፣ የአገር ውስጥ መፈናቀልን የሚመዘግብ ማዕከል) አውርጄ በአገርና በዓመት አገናኘሁ። ምንም ዝምድና አልወጣም። ጭራሽ በ1977 ረድፍ ላይ ሶቭየት ኅብረት የሶማሊያ አጋር ሆና ቁጭ ብላለች! የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ጅማ ዞንንና አጎራባቾቹን በወረዳ ያያል፤ እዚያም ስሞቹ አልገጥም ብለዋል። ከየት ልጀምር?

ሰነድ አገላባጭ

የ1977ቱ ረድፍ ስህተት የለበትም። ኤቶፕ የሚመዘግበው የተፈረመ ውል ነው፤ ማን ለማን መሣሪያ እንደላከ አይነግርህም። ሶማሊያ ከሶቭየት ጋር የወዳጅነት ውል የፈረመችው ጁላይ 1974 ነው፤ ያፈረሰችው ኖቬምበር 13፣ 1977፣ ከኢትዮጵያ ጋር የገጠመችው የኦጋዴን ጦርነት በተጋጋለበት ሰዓት። የሶቭየት መሣሪያ በአውሮፕላን በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የጎረፈው ከዚያ ወዲህ ነው። የኢትዮጵያና የሶቭየት ውል ግን የተፈረመው ኖቬምበር 20፣ 1978፣ የሶማሊያ ጦር ከወጣ ስምንት ወር ካለፈው በኋላ። በውል ብቻ ከሄድክ ኢትዮጵያ ያን ጦርነት ያለ ሶቭየት ተዋግታለች ማለት ነው፤ ለእሷ የተዋጋው የኩባ ወታደርም እንዳልነበረ ይቆጠራል!

ርዕስም ያታልላል። የ1953ቱ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ስምምነት ስሙ ላይ «የጋራ መከላከያ» የሚል አለበት፤ ውስጡ ግን የመሣሪያና የሥልጠና እርዳታ ነው እንጂ አንዱ ሲጠቃ ሌላው ይዘምታል አይልም። ኤቶፕ ግዴታዎችን መከላከል፣ ማጥቃት፣ ገለልተኝነት፣ አለመጠቃቃትና መመካከር ብሎ ይለያል። አንተ ሁሉንም 1 ወይም 0 ካደረግኸው «እንመካከራለን» የሚል ውል አንዱ ሲጠቃ ሁሉም እንደተጠቃ ይቆጠራል ከሚለው ከኔቶ አንቀጽ 5 እኩል ይመዘናል።

ላንተ የሚሆነው ዩሲዲፒ ራሱ የሚያወጣው የውጭ ድጋፍ ዳታ ነው። ወታደር፣ መሣሪያ፣ ገንዘብ፣ ሥልጠና ለየብቻ ተቀምጠዋል፣ ለመንግሥትም ለአማፂም። የሚሸፍነው ከ1975 እስከ 2017 ስለሆነ የቀረውን አራት ዓመት ወይ በእጅህ መዝግብ ወይ ቁረጥ። እኔ ብሆን እቆርጥ ነበር።

ስለ ተፈናቃይ ቆጠራው

የወሰድከው የአይዲኤምሲ ዓምድ የትኛው ነው? ሁለት ናቸው። ለኢትዮጵያ በ2021 በግጭት የተፈጠረ መፈናቀል 5.1 ሚሊዮን፣ በዓመቱ መጨረሻ ተፈናቅሎ የቆየ ሰው ግን 3.6 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ2018ም 2.9 እና 2.1 ሚሊዮን ገደማ። ሦስት ጊዜ የሸሸ ሰው በመጀመሪያው ላይ ሦስት ሆኖ ይገባል፤ ዓመቱ ሳያልቅ ቀዬው የተመለሰ ደግሞ ሁለተኛው ላይ የለም። ጦርነቱ ስንቱን አፈናቀለ ለሚል ጥያቄ የመጀመሪያውን ያዝ።

ዝምድናው የጠፋብህ ግን በሌላ ይመስለኛል። አይዲኤምሲ የተቋቋመው በ1998 ነው፤ የ1970ዎቹና የ80ዎቹ ሕዋሶች ባዶ ናቸው። ስታገናኝ ባዶው 0 ሆኖ ከገባ በኦጋዴን ጦርነት አንድም ሰው አልተፈናቀለም ብለህ ለሶፍትዌሩ ነግረኸዋል። ድንበር የተሻገረውም አይዲኤምሲ ውስጥ አይገኝም፤ እሱን ከተመድ የስደተኞች ድርጅት (ዩኤንኤችሲአር) አምጣና በተለየ ዓምድ አስቀምጥ። ያኔ በሶማሊያ ካምፖች የነበረውን ስደተኛ የሞቃዲሾ መንግሥትና ረጂዎች በጣም በተራራቀ ቁጥር ነበር የሚጠሩት፤ በሁለቱም ሠርተህ ልዩነቱን አሳይ።

ወደ ጅማ ወረዳዎች ስንመጣ

በስም አታገናኝ፣ በፒ-ኮድ (ለእያንዳንዱ አስተዳደር በተሰጠው የቦታ መለያ ኮድ) አገናኝ። ቀርሳ ጅማ ዞን ውስጥ አለ፣ ምሥራቅ ሐረርጌም አለ። ሊሙ ኮሳና ሊሙ ሰቃ የጅማ ናቸው፤ «ሊሙ» ብቻ የተባለው ምሥራቅ ወለጋ ነው። በ2018 ከካማሺ (ቤኒሻንጉል ጉሙዝ) የተፈናቀለ ሕዝብ ካስተናገዱት አንዱ ምሥራቅ ወለጋ ስለሆነ ይህን ብታምታታ ሺዎችን ጅማ ላይ ታሰፍራለህ።

ከጎጀብ ማዶ ያሉት ከፋና ዳውሮ እስከ 2021 መጨረሻ በ«ደቡብ» ሥር ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ደቡብ ምዕራብ ናቸው። ኮዱም አብሮ ስለተቀየረ የአሮጌና የአዲስ ኮድ ማዛመጃ ሠንጠረዥ አስቀድመህ ሥራ።

ከዞን የምታገኘው ሪፖርት በበጀት ዓመት ነው። የ2013 በጀት ዓመት ከጁላይ 8፣ 2020 እስከ ጁላይ 7፣ 2021 ነው፤ 8 ጨምረህ 2021 ብትለው ግማሹ ያለ ዓመቱ ይገባል። በወር የተከፋፈለውን ጠይቅ።

የጊቤ ልጅ (ጅማ)

እግዜር ይስጥልኝ፤ ባዶው እውነትም 0 ሆኖ ገብቷል። አንድ ልጨምር፦ የዩሲዲፒን ክስተቶች ካርታ ላይ ሳወጣ ኦሮሚያ ላይ ብዙ ነጥብ አንድ ቦታ ተደራርቧል። ለምን?

ሰነድ አገላባጭ

የቦታውን ትክክለኛነት የሚያሳይ ከ1 እስከ 7 የሆነ ዓምድ አለ። 4 ከሆነ የሚታወቀው ክልሉ ብቻ ነው፤ ነጥቡ ክልሉን እንዲወክል በተመረጠ አንድ ስፍራ ይቀመጣል፣ የሚደራረበውም ለዚህ ነው። 3 ሁለተኛው የአስተዳደር እርከን ነው፤ እኛ አገር ይሄ ዞን እንጂ ወረዳ ስላልሆነ ለምዕራፍህ አይሆንም። 2 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይስታል። ጅማ ከተማ አቅራቢያ ያለችው ሰርቦ ላይ የወደቀ ነጥብ እውነቱ ጅማ ከተማ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዋናውን ትንተና ቦታው በትክክል በሚታወቅበት በ1 ብቻ ሠርተህ፣ 2ን ጨምረህ ድገመው።