ለሰባት የዕቁብ አባላት አንድ ስልክ ቁጥር?

የዕቁቡ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችን ዕቁብ ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡ እየተቀዳደደ ሲያስቸግረኝ ከዩቲዩብ እያየሁ ትንሽዬ ዳታቤዝ ሠራሁ። ትናንት ዕጣ ለወጣላቸው እማማ ልደውል ስል ስልካቸው 2147483647 ይላል። ሌሎቹን ሳይ ሰባት ሰው ያው ቁጥር! እኔ እንዲህ አልጻፍኩም። የቀሩት ደህና ናቸው፣ መነሻዋ 0 ብቻ ጠፍታለች። ይሄ ቁጥር ከየት መጣ? ዳኛው «ተጠልፈናል» ብለው ቡና እንኳ አልጠጡም።

ቢት ለቃሚ፦
ዳኛውን አረጋጋቸው፣ የጠለፋችሁ የለም። የስልኩን ዓምድ «ኢንት» (ሙሉ ቁጥር) ብለህ ከፍተኸዋል። ሰባቱን ደግሞ በ251 ጀምረህ ነው ያስገባኸው፣ ተሳሳትኩ? ኢንት 32 ቢት ነው፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 የምትያዝባት አንዲት ቦታ ናት። አንዱ ቢት ለፖዘቲቭና ለኔጋቲቭ ምልክት ይሄዳል። በቀረው 31 ቢት የሚያዘው ትልቁ ቁጥር ያየኸው ነው። በ911 የሚጀምር ዘጠኝ አሃዝ ይገባል። 251 ሲጨመርበት 12 አሃዝ ሆኖ ይተርፋል። አንዳንድ ዳታቤዝ «አልቀበልም» ከማለት ይልቅ ጣሪያው ላይ ቆርጦ ዝም ይላል። ስልክ አይደመር፣ አይባዛ፤ እንደ ጽሑፍ ያዘው። ሰባቱን ግን ከመዝገቡ እንደገና መጻፍህ ነው።

የዕቁቡ ጸሐፊ፦
ኧረ ልክ ነህ! ሰባቱን የገለበጥኩት ከቴሌግራም ነው።

ጡረተኛው ጠመኔ፦
እኔን ያስገባኝ ቁጥሩ ነው። 2ን ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፈህ እርስ በርስ አባዝተህ 1 ስትቀንስ ታገኘዋለህ። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር በምንም አይካፈልም። በዚህ መንገድ የሚገኙትን ብቸኞች የመርሰን ይሏቸዋል። 3፣ 7፣ 31፣ 127 እያለ ይሄ ስምንተኛው ነው። «31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ነው» እንዳትለኝ፣ ልጄ። 29ም ብቸኛ ነው፤ በ29 የሚገኘው 536870911 ግን በ233 ይካፈላል።

የእኛን ቁጥር ብቸኛነት ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ በ1772 እ.ኤ.አ.፣ ያውም ዓይኑ ጠፍቶ ማለት ይቻላል። አካፋይ ቢኖረው ከ46340 በታች አንድ መገኘት ነበረበት። ያን ሁሉ አልሞከረም። አካፋዩ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ካልሆነ አይሆንም። በዚህ ከ372 የማይበልጥ ሙከራ ቀረው። እኔ አንድ ክረምት በእጄ ጀምሬ አርባ ሳልሞላ ተውኩት።

ሌሊት ፈረቃ፦
ብዙ ማሽን ሰዓትን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው። በዚህ በ32 ቢት የሚቆጥሩት ያው ቁጥር ላይ ደርሰው የሚሞሉት መቼ መሰላችሁ? ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። በጥምቀት! እኔ ጃንሜዳ ነኝ፣ እንዳትደውሉልኝ።

የዕቁቡ ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ቁጥሩን ወደድኩት። ሰባቱን አስተካከልኩ፣ እማማም ብራቸውን ወሰዱ። ዳኛው ግን መዝገቡን በአዲስ ላስቲክ ጠቅልለው ቤታቸው ወስደውታል።