ሲኤምዲቢ ለአይቲ ሠራተኛ ሁሉ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? (ክርክር)

አወያይ፦ ባንኮች ሰርቨራቸውን፣ ፋየርዎላቸውን፣ አፕሊኬሽናቸውንና የትኛው በየትኛው ላይ እንደሚደገፍ የሚመዘግቡበት ሲኤምዲቢ ላይ ማን ምን ማየት አለበት? ለክርክር የቀረበው ረቂቅ ደንብ እንዲህ ይላል፦ «ከካርድ ክፍያና ከደህንነት ሲስተሞች ጋር የተያያዘ ማንኛውም መዝገብ ከባለቤቱ ቡድን ውጪ ለማንም አይታይ።» ደጋፊም ተቃዋሚም ይናገር። ምሳሌ ስትሰጡ መዝገቡ የሚያዝባቸውን ሶፍትዌሮች፣ ሰርቪስናውን ወይም ኔትቦክስን፣ ያዙ፤ ብዙዎቻችን የምንሠራው በእነሱ ነው።

ቁልፍ ያዥ፦ ረቂቁን እደግፋለሁ። ሰርጎ ገብ የአንድ ሰርቪስ ዴስክ ሠራተኛ ፓስወርድ በማታለያ ኢሜይል ካገኘ ቀጥሎ የሚፈልገው የቤቱን ካርታ ነው። ኔትወርኩን ስካን ቢያደርግ ማንቂያ ይጮህበታል። ሲኤምዲቢ ውስጥ ግን አይፒውን፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ቨርዥን፣ ባክአፑ የሚያርፍበትን ቦታ፣ የኃላፊውን ስም ተደርድሮ ያገኘዋል፤ ወደ ኤክሴል ማውረድ ደግሞ የደቂቃ ሥራ ነው። ሰርቪስናው ላይ «አይቲል» የሚባለው ሮል (የመብት ጥቅል) ያለው ሰው ማንም ካልገደበው ሲኤምዲቢውን ያነባል። ያ ሮል ቲኬት ለሚነካ ሁሉ፣ ለውጭ ኮንትራክተር ሳይቀር ይታደላል። የካርድ ክፍያ ደህንነት መስፈርቱ ፒሲአይ ዲኤስኤስ ክፍል 7 ላይ መዳረሻ ለሥራው ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ይሁን ይላል። «ክፍት ይሁን» የሚል ካለ ይህን እንዴት እንደሚያልፈው ይንገረን።

ሌሊት ፈረቃ፦ እቃወማለሁ። ካርታው ሲደበቅ መጀመሪያ የሚታወረው ተረኛው ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አንድ ስዊች ማስጠንቀቂያ ሰጠ እንበል። ተረኛው መዝገቡን ከፍቶ የጥገኝነት ካርታውን ያያል። ፒን የሚያረጋግጠው ኤችኤስኤም (የሚስጥር ቁልፎች የሚቀመጡበት መሣሪያ) ተደብቋል፣ የክፍያ ሲስተሙም የለም። ስዊቹ ምንም የማይነካ ስለሚመስለው ሪስታርት ያደርገዋል፤ ኤቲኤሙ ሁሉ ቀጥ ይላል። ቀን ደግሞ ይብሳል። ቼንጅ (በሲስተም ላይ ለውጥ) የሚጠይቀው ሰው የሚነኩ አገልግሎቶችን ካርታውን አይቶ ሲሞላ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል፣ «ዝቅተኛ ስጋት» ተብሎም ይጸድቃል። ያንን ማን ነው የሚጠየቅበት?

የሲኤምዲቢ ሰው፦ ሁለታችሁም መደበቅን ቀላል አድርጋችሁታል። ሥራው የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው። አስተዳዳሪው «የክፍያ መዝገብን የክፍያ ቡድን ብቻ ያንብብ» የሚል አዲስ ኤሲኤል (የመዳረሻ ደንብ) ይጽፋል፣ ለአይቲል የሚፈቅደውን ነባሩን ግን ሳይነካው ይተወዋል። ሰርቪስናው ላይ በአንድ ደረጃ ብዙ የንባብ ኤሲኤሎች ካሉ አንዱን ማለፍ ይበቃል። ስለዚህ አዲሱ ማንንም አይከለክልም፤ ወረቀት ላይ ብቻ ያምራል። ወይ ነባሩ ላይ ቅድመ ሁኔታ ይጨመር፣ ወይ በቅርብ ቨርዥኖች የመጣው «ካላሟላ ከልክል» ዓይነት ይጻፍ። ውርሱም አለ፦ የሊኑክስ ሰርቨር ቴብል ከሰርቨር ቴብል፣ እሱም ከዋናው የሲአይ (የተመዘገበ ዕቃ) ቴብል ይወርሳል፤ የራሱ ኤሲኤል ካለው ግን የራሱ ይቀድማል። ላይኛውን ዘግታችሁ ታችኛው ላይ የቆየ ክፍት ኤሲኤል ከተረሳ ሊኑክሶቹ በሙሉ እንደተከፈቱ ናቸው።

ከዚህ የባሰው ቁጥሩ ነው። ኤሲኤል ረድፍ ሲከለክል ከዝርዝሩ ግርጌ «ይህን ያህል ረድፍ በደህንነት ገደብ ምክንያት ተነስቷል» የሚል መልእክት ይወጣል። ማጣሪያው ላይ «አይፒው በ10.2 የሚጀምር» ብዬ 3 ረድፍ ተነስቷል ካለኝ፣ «በ10.2.5 የሚጀምር» ስል አሁንም 3 ካለኝ፣ «በ10.2.6» ስል መልእክቱ ከጠፋ፣ እንዳላይ የተከለከልኩትን አይፒ አሃዝ በአሃዝ እያወጣሁ ነው። ቫሮኒስ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ይህንን ቀዳዳ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ይፋ አድርጎታል፤ መለያው ሲቪኢ-2025-3648 ነው። ሰርቪስናው በበኩሉ የኩዌሪ ኤሲኤል አምጥቷል፦ «የሚጀምር»፣ «የያዘ»፣ «የሚበልጥ» የሚሉ ማጣሪያዎችን መብት በሌለው ሰው እጅ እንዳይሠሩ ያደርጋል። ረቂቁ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል የለውም።

ቁልፍ ያዥ፦ እንግዲያው ኤሲኤሉን ትተን በቢፎር ኩዌሪ ቢዝነስ ሩል (ፍለጋው ከመሠራቱ በፊት በሚያጣራ ስክሪፕት) እንደብቀው። ረድፉ ከዳታቤዙ ጭራሽ አይመጣም፣ የሚቆጠርም አይኖርም።

የሲኤምዲቢ ሰው፦ ከድጡ ወደ ማጡ! ያ ሩል ስክሪፕት የሚያደርገውን ፍለጋም ያጣራል። መዝገቡን በራሱ የሚሞላው ዲስከቨሪ ስካን አድርጎ ሲመለስ ነባሩን መዝገብ በሲሪያል ቁጥር ወይም በስም ይፈልጋል፤ የሚሠራበት አካውንት ካላየው አዲስ ይፈጥራል። አዲሱ ላይ ደግሞ «ሚስጥራዊ» የሚለው ምልክት የለም። ስለዚህ ያው ኤችኤስኤም፣ ያው አይፒ፣ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሁለተኛ መዝገብ ያገኛል። ሩሉን የሚጽፍ ሰው የዲስከቨሪና የኢንተግሬሽን አካውንቶችን ነጥሎ ካላወጣ የደበቀውን በራሱ እጅ ያሳያል።

የመረብ ልጅ፦ ኔትቦክስም የራሱ ጣጣ አለው። ከ2.9 ቨርዥን ጀምሮ ፈቃድን በጄሰን ቅርጸት በተጻፈ ማጣሪያ መገደብ ይቻላል፤ ለምሳሌ የአንድ ሳይት ወይም የአንድ ቴናንት (ደንበኛ ወይም ክፍል) ዲቫይሶች ብቻ። ግን ፈቃዱ ለእያንዳንዱ የመዝገብ ዓይነት ለየብቻ ነው። ዲቫይሱን ዘግቶ አይፒ አድራሻውን፣ ኬብሉንና ቪላኑን መርሳት የተለመደ ነው። አጥር አጥሮ በሩን ክፍት እንደመተው ነው። ፊልድ ብቻ ነጥሎ መደበቅም የለም፤ መዝገቡ ወይ ሙሉውን ይታያል ወይ አይታይም።

ፓስወርድን በተመለከተ ክርክር አያስፈልገውም። ኔትቦክስ ሚስጥር ማስቀመጫውን በ3.0 ከዋናው ፕሮግራም አውጥቶታል፤ ቦታው እንደ ቮልት ያለ የሚስጥር ማስቀመጫ ፕሮግራም ነው። ይሁን እንጂ «ኮሜንት» የሚለው ሳጥን ውስጥ «ሩት፦ እንዲህ» ብሎ ፓስወርድ የሚጽፍ አይጠፋም። ስለ ሮል ከመከራከራችን በፊት ኮሜንቶችን ኤክስፖርት አድርጎ «ፓስ»፣ «ሩት»፣ «አድሚን» የሚሉ ቃላትን በላቲኑም በአማርኛውም መፈለግ ይቀድማል።

ሌላው ቶከን (ፕሮግራም በፓስወርድ ፈንታ የሚገባበት ቁልፍ) ነው። ሥራን በስክሪፕት ለሚያስኬደው አንሲብል የተሰጠ የሱፐርዩዘር (ሁሉ የተፈቀደለት) ቶከን ካለ የሰዎቹ ገደብ ሁሉ ውሃ አያነሳም፤ ስክሪፕቱን የሚከፍት ሁሉ ሱፐርዩዘር ነው። ለየሥራው የተለየ አካውንት፣ ማንበብ ብቻ የሚፈቅድ ቶከን፣ የመጠቀሚያ አይፒው የተገደበ ይሁን።

ኦዲተሯ፦ አንድ ነገር ሁላችሁም ዘላችሁታል፦ ማን *እንዳነበበ* በምን ይታወቃል? የሰርቪስናው ኦዲት ታሪክ የሚይዘው የተቀየረውን ነው፣ የታየውን አይደለም። የተከፈተውን ገጽ ለማወቅ ወደ ትራንዛክሽን ሎግ መሄድ አለባችሁ፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ስለሚጠረግ ወደ ሎግ ሰርቨር ካልተላከ አይገኝም። ፒሲአይ ዲኤስኤስ ሎግ 12 ወር ይቆይ፣ የመጨረሻው 3 ወር በእጅ ያለ ይሁን ይላል። የዚሁ መስፈርት ቨርዥን 4.0 ላይ ደግሞ የተጠቃሚ መብት ቢያንስ በየ6 ወሩ ይከለስ ተብሏል። «የሚያስተዳድረው ቡድን» የሚለው ፊልድ ባዶ የሆነ መዝገብን ግን ማን ይከልሰዋል? ስለዚህ ባለቤት የሌለው መዝገብ «ሚስጥራዊ» የሚል ምልክት አይቀበል።

የላፕቶፕና የስልክ መዝገብም አለ፤ በሠራተኛው ስም የተያዘ፣ አንዳንዱም ሎኬሽን ያለው። ያ የግል መረጃ ነው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ይመለከተዋል። ረቂቁ ስለ ክፍያ ብቻ ሲያወራ ይህ ክፍቱን ቀርቷል።

ሌሊት ፈረቃ፦ ላስታርቅ። ስሙ፣ ዓይነቱ፣ ትስስሩ፣ የሚያስተዳድረው ቡድንና በሥራ ላይ መሆኑ ለሁሉም ይታይ። አይፒው፣ ቨርዥኑ፣ የራክ ቦታውና ሲሪያሉ በፊልድ ደረጃ ይዘጋ። ተረኛው ማንን መቀስቀስ እንዳለበት ካወቀ ይበቃዋል።

ቁልፍ ያዥ፦ ስሙ ራሱስ? «ኤችኤስኤም-ፒን-ማስተር-01» ብሎ የሰየመ ሰው ባለበት አገር አይፒውን መደበቅ ምን ይጠቅማል? በሚስጥር ስም ይቀየር።

ሌሊት ፈረቃ፦ ስም ቀይረህ ሰርተፍኬቱ፣ የባክአፕ ጆቡና ሞኒተሪንጉ ሲበላሽ የሚጠራው ተረኛው ነው። የቆየው ባለበት ይቆይ፤ አዲስ ለሚገባው ብቻ የኮድ ስም ይሰጥ።

የሲኤምዲቢ ሰው፦ በፊልድ መዝጋቱን ለአብዛኛው እቀበላለሁ። ከነጭራሹ መደበቅ ያለባቸው ግን አሉ፦ የማጭበርበር ምርመራ ሲስተም፣ የውስጥ ምርመራ ሰርቨር፣ ወጥመድ ተብሎ የተተከለ ሰርቨር። ወጥመድ መሆኑ በሲኤምዲቢ ከታወቀ ወጥመድነቱ ቀረ። ከወጥመዱ ሌላ የተደበቁትን በተመለከተ ካርታው ላይ በቦታቸው «የተከለለ አገልግሎት» የሚል ባዶ መዝገብ ከተረኛው ቡድን ስም ጋር ይቀመጥ። ትስስሩን በእጅ መጠበቅ ይጠይቃል፣ ባለቤቱ በየሩብ ዓመቱ ካላየው ያረጃል። ያም ሆኖ ከባዶ ካርታ ይሻላል።

ኦዲተሯ፦ ፈተናውንም ጻፉት። በአይቲል አካውንት ገብታችሁ ያንኑ መዝገብ በዝርዝር፣ በሪፖርት፣ በዋናው ፍለጋ፣ በኤክሴል ኤክስፖርትና በሬስት ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ዳታ የሚጠይቁበት በር) ፈልጉት። ዝርዝሩ ላይ ጠፍቶ የወር ሪፖርቱ በኢሜይል ለ40 ሰው የሚልከው መዝገብ አልተደበቀም። ቲኬት ርዕስ ላይ በእጅ የተጻፈ አይፒም እንዲሁ፤ ያንን ምንም ኤሲኤል አይይዘውም።

ቁልፍ ያዥ፦ በድንገተኛ ጊዜ የተደበቀውን ለተረኛው የሚከፍት ሮልስ ቢኖር? አንዱ የሐሰት ፒ1 (እጅግ አጣዳፊ) ኢንሲደንት ከፍቶ ሁሉንም ቢያይ?

ኦዲተሯ፦ ይክፈት። ሮሉ የኢንሲደንት ቁጥር ካልተጻፈ አይሰጥ፣ ሲሰጥ ለደህንነት ክፍል መልእክት ይሂድ፣ በ4 ሰዓት ውስጥ በራሱ ይነሳ፣ ጠዋት ሌላ ሰው ያጣራው። የሐሰት ፒ1 በማግስቱ ይታወቃል።

የሲኤምዲቢ ሰው፦ በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ሰርቪስናው የተጠቃሚውን ሮል የሚያነበው ሎግኢን ሲያደርግ ነው። ተረኛው ሮሉ ከተሰጠው በኋላ ወጥቶ ካልገባ ምንም አይከፈትለትም፣ «አልሠራም» ብሎ ግማሽ ሰዓት ይደውላል። 4 ሰዓቱ አልቆ ሮሉ ሲነሳም ክፍት የቀረው ሴሽን አሮጌውን መብት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ሮሉን የሚያነሳው ፍሎው (አውቶማቲክ ሂደት) ሴሽኑንም ይቁረጥ።